ሰማንያ አራት ወይስ ሰማንያ አምስት

ልጄን የከሰስኳት በጽሑፍ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በታይፕ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። አባት እንዲህ ያለውን ነገር በአፉ ተናግሮት ቢሆን በማግስቱ «ተቆጥቼ ነው» ይላል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ፣ ነጠላ ሰረዙን ከድርብ ሰረዙ ለይቼ፣ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ራሴ መርጬ አስገባሁት። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ሰውን ከወንበሩ አስነስቶ ወዴት እንደሚያደርሰው የማያውቅ አምቦ ውስጥ አልነበረም። አሁን የምጽፈው ልጆቼ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው።

የምሠራው የዘር ምርመራ በሚደረግበት ቢሮ ነበር። ከሸነን፣ ከጊንጪ፣ ከጉደርና ከሌላውም አካባቢ ዘር የሚያባዙ የገበሬ ማኅበራት የስንዴ ናሙና በከረጢት ይልካሉ። ከናሙናው አራት መቶ ፍሬ ይቆጠርና መቶ መቶው በአራት ሳሕን፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይደረደራል። ከሳምንት በኋላ ከየሳሕኑ የበቀለው ይቆጠራል። የአራቱ አማካይ ሰማንያ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ስንዴው ዘር ነው፤ ታሽጎ ለሌሎች ማኅበራት ይከፋፈላል። ከዚያ ካነሰ እህል ነው፤ ወደ ወፍጮ ይሄዳል፣ ማኅበሩም ከዘር አባዥነት ይሰረዛል። ክረምቱን ሙሉ ሲያርም፣ ከማሳው ውስጥ ባዕድ ዘለላ እየለየ ሲነቅል የከረመ ሰው ዕጣው በአንድ ቁጥር ይወሰናል። ያቺን ቁጥር በሠንጠረዥ የማወጣው እኔ ነበርኩ።

እኔ የዘር ባለሙያ አይደለሁም፣ ታይፒስት ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ለቅሜ ነው የተማርኩት። ኮምፒውተሩ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር መጣ። ፕሮጀክቱ አልቆ ባለሙያው ወደ አገሩ ሲመለስ ሳጥኑ፣ ፕሪንተሩና አንድ ወፍራም መመሪያ ቀሩ። የተማሩት ሰዎች ቢበላሽ እንጠየቃለን ብለው ሸሹት። እኔ መመሪያውን እየፈታሁ ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋ ተማርኩ። ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው፤ ማሽኑ በቁጥሩ ቅደም ተከተል የተጻፈለትን ይፈጽማል። «ፕሪንት» ካልከው ይጽፋል። ምንም ተንኮል የለበትም። ወድጄው ነበር፤ ምክንያቱም እንደ ሰው ፊት አይቶ አይለዋወጥም።

ገበሬዎቹ ግን አይወዱትም ነበር። አንዴ አንድ የማኅበር ሊቀመንበር በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አልገባም አለኝ።

«ኦቦ፣ ያ ሳጥን ስም ያውቃል ይላሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የዘር ቁጥር ነው የሚያውቀው።»

«ዛሬ የዘር ቁጥር፣ ነገ የልጅ ቁጥር። ዘሩን ቆጥሮ ሲጨርስ ለውትድርና ማንን ይቆጥራል?»

ሳቅሁበት። መሳቅ አልነበረብኝም፤ በዚያ ዘመን ዝርዝር ሲወጣ ደንግጦ ልጁን ያልደበቀ አባት ማን ነው? የእኛም ጸሎት ቤት ተዘግቶ በየቤቱ እንሰበሰብ ስለነበር ስሜ በማንኛውም ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አልወድም ነበር። ሁላችንም ሌላውን በጎን እያየን ነበር የምንኖረው።

የእኔ ፕሮግራም ከሦስት መቶ መስመር በላይ ነበር። ሠላሳ ሁለት ማኅበራት ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ነገር እንደገና እጽፋለሁ፦ አራቱን ቁጥር ውሰድ፣ ደምር፣ ለአራት አካፍል፣ ጻፍ። መመሪያው «ፎር» እና «ኔክስት» የሚባሉ ሁለት ቃላት እንዳሉ፣ በሁለቱ መካከል የሰፈረውን ማሽኑ የተባለውን ያህል እንደሚደጋግም ይናገራል። አንብቤዋለሁ፤ ግን አላመንኩትም። እኔ ሳላየው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ማን ይጠብቀዋል? ረጅም የሚጽፍ ሰው የሚደብቀው የለውም የሚል እምነት ነበረኝ። ሪፖርት ስጽፍም፣ ልጆቼን ስመክርም እንዲሁ ነበርኩ።

የንብረት ክፍሉ ሰው ይቀልድብኝ ነበር። «የእሱ ፕሮግራም መውጣት ሲጀምር እኛ ቤታችን ሄደን ምሳ በልተን እንመለሳለን» ይላል።

አንድ ነገር ግን ያስቸግረኝ ነበር። አንዱ ማኅበር ዘጠና አንድ ብቻ ሆኖ ሲወጣ ሌላው ሰማንያ ሰባት ነጥብ ሃያ አምስት ይወጣል። ዐምዱ ይወላገዳል። እኔ ደግሞ ጠማማ ዐምድ ማየት አልችልም፤ በታይፕ ዘመኔ ለአንድ ፊደል ብዬ ሙሉ ገጽ እንደገና የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ «ኢንት» የሚለውን ቃል አገኘሁ። ይህ ቃል ከነጥቡ በኋላ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ዐምዱ ቀጥ አለ። ሰው ቢጠይቀኝ «ያልሞላ ነገር ሞልቷል አይባልም፣ ገበሬም ያልሞላለትን መቀበል የለበትም» ብዬ ለመመለስ ተዘጋጀሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እውነቱን ስናገር የቆረጥኩት ለጽድቅ ሳይሆን ለመልኩ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ስትጠብቅ ኃላፊው በጊዜያዊነት ቀጠራት። የበቀለ ትቆጥራለች፣ ቁጥሩን ወደ ማሽኑ ታስገባለች። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ አባትና ልጅ በአንድ ክፍል ሲሠሩ ሐሜት አይጠፋም። እቤት ያመጣሁትን መመሪያ ለካ እኔ ሳልኖር ታነበው ነበር። በገባች በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ምንድነው?»

«ያንተው ሠንጠረዥ። አሳጥሬው ነው።»

የቁጥሮቹን ዝርዝር ሳይጨምር አሥራ አንድ መስመር ነበር። ሦስት መቶው አሥራ አንድ ሆነ። ዐምዱ ግን ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ አሃዱ ከአሃዱ በላይ፣ ዐሥሩ ከዐሥሩ በላይ። እንዴት እንዳደረገችው ስጠይቃት «ፕሪንት ዩዚንግ» የሚል ትእዛዝ አሳየችኝ። ቁጥሩ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድመህ በምልክት ትነግረዋለህ፤ ሦስት ምልክት ከሰጠኸው እያንዳንዱን ቁጥር በሦስት ቦታ ልክ አድርጎ ያሰፍረዋል። እኔ መመሪያውን እዚያ ድረስ አላነበብኩም ነበር።

የንብረት ክፍሉ ሰው በበሩ አንገቱን አስገብቶ «የአባት እንደ ሰርዶ ይሳባል፣ የልጅ እንደ ሚጥሚጣ፤ ትንሽ ናት ግን ታቃጥላለች!» አለ። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አንድም አስተማሪ ሳይኖራት በራሷ የተማረች ልጅ አለችኝ። የተሰማኝ ግን ጥርጣሬ ነው። ይህን ያህል ሥራ በዚህ በጠባብ ቦታ ውስጥ እንዴት ገባ? የጎደለው ምንድነው?

ልምዴ ነውና ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ከሰማንያ አምስት በታች የሆኑትን ማኅበራት አሰመርኩባቸው። በእኔ ወረቀት ላይ አራት ነበሩ። በእሷ ወረቀት ላይ ሦስት። የጠፋው የሸነን ማኅበር ነው። በእኔ ሰማንያ አራት፣ በእሷ ሰማንያ አምስት።

ሸነን ሲሆን ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ። የሸነኑን ናሙና ይዞ የመጣው የማኅበሩ ጸሐፊ ወጣት ነው፣ ጽሑፉ ያማረ፣ ጫማው ጭቃ ቢሆንም ሸሚዙ የተተኮሰ። ከልጄ ጋር መተላለፊያው ላይ ቆመው ሲሳሳቁ አይቻለሁ። በዚያው ሳምንት እቤት አንድ ቅል ማር ተቀምጦ አገኘሁ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ቀላል ነበር፤ ግን የጠረጠረ ሰው መልሱን በልቡ ይዞ ስለሚመጣ አይጠይቅም። ማሩን ባለቤቴ በቅዳሜ ገበያ እንደገዛችው ያወቅኩት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

«የሸነንን ማን ነካው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሰማንያ አራት ነበር። ሰማንያ አምስት ሆኗል።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «እንጃ። ያስገባሁት ያንተኑ ቁጥሮች ነው።»

«እንጃ መልስ አይደለም።»

«ማሽኑ ነዋ፣ አባባ።»

«ማሽኑ ሸነን ዘመድ የለውም።»

ፊቷ ተለወጠ። «እኔስ አለኝ?»

ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ወደ መቁጠሪያው ክፍል ሄደች፤ በሩን ሳትዘጋው።

ያስገባቻቸውን ቁጥሮች አየሁ። የሸነን አራቱ ሳሕኖች ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ አራት። እኔ ያስገባሁት ራሱ ነው፣ አልተነካም። ይህ ሊያሳርፈኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ። ቁጥሩ ካልተነካ ተንኮሉ ያለው በእነዚያ አሥራ አንድ መስመሮች ውስጥ ነው፣ እኔ ማንበብ በማልችልበት ቦታ ደብቃዋለች አልኩ። እርሳስ አንስቼ አራት ቁጥር መደመር ይቻል ነበር። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አልደመርኩም። በእሱ ፋንታ ታይፑን ከፈትኩና ደብዳቤውን ጻፍኩ።

ለራሴ የነገርኩት «የገዛ ልጅህን ካላጋለጥክ ሌላውን ምን ብለህ ትገሥጻለህ» ብዬ ነው። ጥሩ ቃል ነው። መጥፎ ሥራ የምንሠራው ብዙ ጊዜ በጥሩ ቃል ነው።

ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ሁለታችንንም አስጠራን።

«ጋሼ፣ በሩን ዝጉት» አለኝ። ዘጋሁት። «ይህን ቃል እርስዎ ነዎት የጻፉት?» ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ኃላፊ።»

«በልጅዎ ላይ?»

«በሠራተኛ ላይ።»

ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ነበር። ወረቀቱ ለእሷ የተገለበጠ ነው፤ ግን የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ልጅ ሆና እኔ ታይፕ ስመታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የለመደችው ነገር ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉ ላይ ስትደርስ ቆመ።

ኃላፊው ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ዘረጋ። እኔ ያየሁት ቀይ ያረፈበትን ብቻ ነበር። እሱ ከላይ ጀመረ።

«ይሄ የጉደሩ በእርስዎ ዘጠና ነው፣ በእሷ ዘጠና አንድ። ይሄኛው ሰማንያ ስምንት፣ በእሷ ሰማንያ ዘጠኝ። ይሄም። ይሄም። ግማሹ በአንድ ይበልጣል እኮ! ከሁሉም ጉቦ በላች ማለት ነው?»

አየሁት። እውነት ነው። ወረቀቱ ሁለት ቀን እጄ ላይ ውሎ የሸነንን አንድ መስመር እንጂ ሌላውን አላየሁም ነበር።

እርሳስ አነሳ። አራቱን ቁጥሮች ደመረ፤ ሦስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ለአራት አካፈለ። «ሰማንያ አራት ነጥብ ሰባ አምስት። ለየትኛው ይቀርባል፣ ለሰማንያ አራት ወይስ ለሰማንያ አምስት?»

«ሰማንያ አምስት አልሞላም» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅኩዎትም፣ ጋሼ።»

ከመሳቢያው የምርመራውን መመሪያ አወጣ። አማካዩ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ የሆነው ወደ ላይ ይሄዳል ይላል። የልጄ «ፕሪንት ዩዚንግ» ለነጥብ ቦታ ካልተሰጠው ይህንኑ ነበር የሚያደርገው፤ እሷም ይህን አታውቅም ነበር፣ ዐምዱን የሚያስተካክል ብቻ መስሏት ነው። ስለዚህ ነው «እንጃ» ያለችው። እውነቱን ነበር የተናገረችው።

የመመሪያውን ፊደሎች አየኋቸው። በስቴንስል የተባዛ ነው፤ «ጠ» ላይ ትንሽ የተሸረፈች ቦታ አለች። የእኔ ታይፕ ናት። ይህን መመሪያ ከዓመታት በፊት የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ አንድም ፊደል ሳልስት። ታይፒስት የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ጣት ያነባል እንጂ ራስ አያነብም። ለኃላፊው ነገርኩት። መደበቅ እችል ነበር፤ ግን ያን ቀን ከዚያ በላይ ለመዋረድ የቀረኝ ቦታ አልነበረም።

ኃላፊው ደብዳቤዬን ቀደደው። ልጄ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ሳይሆን እንድትጮህብኝ እጠብቅ ነበር። እሷ ግን ወደ መዝገቡ መደርደሪያ እያየች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ባለፈው ዓመትስ?»

ባለፈው ዓመትም ሠንጠረዡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚያው «ኢንት»። መዝገቡን አውጥተን ሦስታችን እየደመርን ወረድን። የአብዛኛው ቁጥሩ ቢለወጥም ዕጣው አይለወጥም፤ ዘሩ ዘር፣ እህሉ እህል ነው። አንድ ማኅበር ግን ነበር፣ ጊንጪ አካባቢ። ሰማንያ አራት ከግማሽ። እኔ ሰማንያ አራት ብዬ በቀይ ያሰመርኩበት። ስንዴያቸው ተፈጭቷል፣ ማኅበሩም ከዘር አባዥነት ወጥቷል።

«ይሄ ፋይል ተዘግቷል» አለ ኃላፊው። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ጋሼ፣ ያንን የጻፉትን ቃል ያስታውሱ። አሁን ይሄን ብንከፍተው ቃሉ ባለቤት ሲፈልግ የሚያገኘው እርስዎን ነው።»

ልጄ አየችኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ የለም። እኔ፣ አራት ቁጥር ያልደመርኩላት ሰው፣ ምን እንደማደርግ ለማወቅ ነው የምታየኝ፤ ልክ እኔ እሷን እንዳየኋት።

ሁለት ቀን ምንም አላደረግኩም። እቤት ስገባ «ደኅና ዋልክ» ትለኛለች፣ ሳህን ታቀርብልኛለች። ልጆቼን «ስትሳሳቱ አትደብቁ» እያልኩ ያሳደግኩ ነኝ። ታናናሾቿ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ይህም ራስ ወዳድነት መሆኑ ገባኝ። የሚጠይቁኝ ልጆቼ አልነበሩም፣ የጊንጪዎቹ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ለኃላፊው በአራት መስመር ጻፍኩለት፦ የጊንጪው ማኅበር ዘር አልፎ ነበር፣ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብቦ «ማኅበሩ እንደገና እንዲመዘገብ ራሳቸው ፈርመው ማመልከት አለባቸው» አለኝ። «ማመልከቻውን ካመጡ እኔ የተቻለኝን አደርጋለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ ይዤ ጊንጪ ሄድኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አካም ጂርቱ» ተባብለን ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው። ሳሕኑን፣ ነጥቡን፣ ቆርጬ የጣልኩትን ግማሽ።

ሊቀመንበሩ «ማን ላከዎ?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም። በራሴ ነው።»

«የመንግሥት ሰው በራሱ መጥቶ ‹አጥፍቻለሁ› ይላል?» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እናንተ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አንደኛው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ ያየሁት ‹አጥፍታችኋል› የሚል ብቻ ነው።»

ማመልከቻውን አውጥቼ የሚፈርሙበትን አሳየኋቸው። ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ኋላ አደረገ፣ ወረቀቱ የሚነክሰው ይመስል።

«አ! ፊርማ ነው ለካ ነገሩ።»

«ዘር አባዥነታችሁ እንዲመለስ ነው እኮ።»

«ባለፈው ዓመት ሳንፈርም ስንዴያችንን ወሰዳችሁ። ዘንድሮ ፈርመን ምን ልትወስዱ ነው? እግዜር ይስጥልን ኦቦ፤ ይሂዱ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎ።»

አልተቆጣሁም። የምቆጣበት መብት አልነበረኝም። ቃሌን ያላመኑት በተንኮል ሳይሆን በልምድ ነው፤ ልምዱን ደግሞ ያስተማርናቸው እኛ ነን።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ፕሪንተሩ አጠገብ ቆማ የሳምንቱን ሠንጠረዥ ከጥቅልሉ ስትቀድ አገኘኋት። የሸነን ሰማንያ አምስት ወጥቶ ጸድቆ ነበር።

«ፈረሙልህ?» አለች ሳትዞር።

«አላመኑኝም።»

«ደግመህ ትሄዳለህ?»

«ቅዳሜ።»

ወረቀቱን አጥፋ እጄ ላይ አኖረችው። «እንግዲያው እኔም አብሬህ መምጣቱን እስከ ቅዳሜ ላስብበት» አለች።

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። አልፈረሙም፤ ግን ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ለአስተማሪ አሳይቶ እንደሚያስነብብ ነገረኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ወጣሁ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ልጄ የመቁጠሪያ ደብተሯን ይዛ፣ የጊንጪዎቹ ያለፈው ዓመት የአራቱ ሳሕኖች ቁጥር ተገልብጦበት፣ ገባች። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እሷ ግን አልፋኝ ከኋላዬ ተቀመጠች። ጊንጪ እስክንደርስ አልዞርኩም።